ለሬኔ እግሮች የተጠየቀ መድን

ሳን ክሌር፣ ሉዊዚያና
ማርች 9፣ 1997

ሆሊስ፣

የሐዘን ካርድህ የደረሰኝ ባለፈው ጁላይ ነው፤ የምመልስልህ ግን ገና ዛሬ ነው። ስምንት ወር ዝም ያልኩት ንቄህ እንዳይመስልህ። ኦዲልን ከቀበርን በኋላ የመጡትን ካርዶች ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ከተትኳቸው። የአንተን ግን ለብቻው በሥራ ኮቴ ኪስ ይዤው ስዞር ከረምኩ፤ አሁን ጠርዙ በስኳር ፋብሪካው ግራሶ ጠቁሯል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከአንተ የመጣ የመጀመሪያ ቃል ነውና እንደ ሌላው ልከተው አልቻልኩም።

እንዴት እንዳረፈች ጠይቀኸኛል። ለሰው ሁሉ "አልተሠቃየችም" እላለሁ። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ተሠቃይታለች፤ ደግነቱ ረጅም አልነበረም። ያስተዋወቅኸን አንተ ነህና እስከ መጨረሻው ታነሳህ ነበር። "ያ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ ወደ ዳንሱ የመጣው ቀጫጫ የት ደረሰ?" ትለኛለች። "ሰሜን ሄዶ ሀብታም ሆነ" እላታለሁ። "ሹራቡንስ አቀናው?" ትላለች።

ካርዱ ግርጌ ላይ "የምረዳህ ነገር ካለ" ብለህ ነበር። ሰው እንዲህ የሚለው ለወጉ መሆኑ ይገባኛል። እኔ ግን ቃልህን ይዤ መጣሁብህ። ለምን አልደወለም ብለህ አትቀየመኝ፤ ስልክ ላይ ድምፄ ይከዳኛል።

ልጃችን ሬኔ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቱን እየጨረሰ ነው። እንደ አባቱ ሞላላዋን ኳስ ታቅፎ የሚሮጥ ነው። የእኔን ግን ሩጫ አትበለው፤ የእርሱን ብታይ የእኔ ሸክም ማመላለስ ነበር ትላለህ። ዘንድሮ የፕሮፌሽናል ክለቦች ምርጫ ውስጥ ቢገባ ከመጀመሪያዎቹ አሥር አይወጣም ብለው ጋዜጦቹ ጽፈውለታል። እርሱ ግን አልገባም። እናቱ አልጋዋ ላይ ሆና "ዲግሪህን ሳትይዝ ከዚያ ግቢ እንዳትወጣ" ብላ አስምላዋለች። ስለዚህ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ሊጫወት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ሊመጣ እንደሚችል ለአንተ አልነግርህም።

የመድን ሻጮች ደጄን እየጠኑ ነው። አንደኛው ላቲመር ይባላል፤ የአዞ ቆዳ ቦት ጫማ ያደርጋል። ሁለት ሳህን ጋምቦ ሾርባ ካወራረደ በኋላ "አባቴ፣ ልጅዎ አያድርገውና ቢሰበር ይህን ያህል ሚሊዮን! የቀረችው ፊርማዎ ብቻ ናት" ብሎ ወረቀቱን አስቀመጠልኝ። ዩኒቨርሲቲው ያቀረበልን ደግሞ ሌላ ነው። የሚከፍለው የዚያን ግማሽ አይሞላም፤ አረቦኑ ግን ይበልጣል። የሁለቱንም ውል ቅጂ ልኬልሃለሁ። አንተ ዕድሜህን በሙሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ስታነብ የኖርክ ሰው ነህ። የትኛውን ልያዝ?

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ስሟን ባላውቅም።

አልሲድ ጊሎሪ


ሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት
ማርች 22፣ 1997

ወንድሜ አል፣

ፖስታው ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ሳየው ከበር ላይ ገና ኮቴን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያ በቀኝ በኩል የሚያዘነብል ፊደልህ አሁንም ነፋስ እንደመታው ሸንኮራ ነው። ባለቤቴ ማርጆሪ ትባላለች፤ "ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?" አለችኝ። "የለም፤ ሰው ተነሣ" አልኳት።

ሹራቤን አቅንቻለሁ። ሀብታም ግን አልሆንኩም፤ ይኼንን ለማስተባበል ኦዲል በሕይወት ብትኖርልኝ ምን ነበረበት!

ውሎቹን ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። የቁጥሩን ነገር ለጊዜው ተወው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ ሻጩም ቁጥሩን በደማቅ የሚያትመው ለዚሁ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አንተ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ዓይንህን አጥብበህ "አካል ጉዳት" የሚለውን ቃል እንዴት እንደፈቱት እይ። ባለ አዞ ጫማው "ማናቸውንም ሥራ መሥራት ካልቻለ" ይላል። ያ ማለት ሬኔ ጉልበቱ ቢበጠስ፣ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ቲኬት መቁረጥ ቢችል፣ ሠራተኛ ነው ብለው ምንም አይከፍሉትም። የዩኒቨርሲቲው ግን "በዚህ ጨዋታ ዳግመኛ መሰለፍ ካልቻለ" ይላል። ገንዘቡ ያንሳል እንጂ እውነተኛ ነው። አል፣ በዚህ አታመንታ፤ ያንን ያዝ። ሁለቱም ከጉዳቱ በኋላ አንድ ዓመት ያስጠብቃሉ፤ እርሱ የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አራተኛው ገጽ ላይ ከዚህ ቀደም የደረሰበት ጉዳት ሁሉ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ሐኪም ያየውም ያላየውም። አንዲት እንኳ እንዳትቀር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚያች ገጽ ላይ ነው።

ዕድሜህን ወረቀት ስታነብ ኖርክ ብለኸኛልና ስለ ሥራዬ ልንገርህ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ባለፈው ሴፕቴምበር ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራዬ ካሣ ጠያቂዎች የሚልኩትን ፋይል ማንበብ ነበር። ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

ትናንት ማታ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ? ያ ማሞቂያው የማይሠራ የቡድናችን አውቶቡስ። ሚስተር ኦክታቭ እየነዳ መዝሙር ሲያወጣ፣ እኛ እግራችንን ለማሞቅ እየረገጥን ስንቀበል። ቡዳን የሚሉትን ቋሊማ ለመግዛት ሥጋ ቤቱ ጀርባ በር ላይ ተሰልፈን፣ ከፊት በር ነጮቹ ሲወጡ እያየን፣ አንተ "ግድ የለም፤ ትኩሱ በጓሮ ነው የሚወጣው" ያልከን። ያን ቀን የሳቅነውን ያህል ከዚያ በኋላ ስቄ አላውቅም።

ሆሊስ


ሳን ክሌር
ኤፕሪል 6፣ 1997

ሆሊስ፣

ስለ ሥጋ ቤቱ የጻፍከውን ለሬኔ አነበብኩለት። "አባባ፣ አንተ ቀልድ ታውቅ ነበር እንዴ?" አለኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ልጆቻችን የሚተዋወቁት ከትርፍራፊያችን ጋር ነው።

ላቲመርን አሰናብቼዋለሁ። ስለ "ማናቸውም ሥራ" የጻፍክልኝን ስነግረው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "አባቴ፣ ይህን ማን ነገረዎት?" አለኝ። "ኳስ የሚያቀብለኝ ሰው" አልኩት።

አሁን አራተኛዋ ገጽ። ሬኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሳለ ልምምድ ላይ ግራ እግሩ ተጠምዝዞ ተሰበረ። መሰበሩን ያወቅሁት በድምፁ ነው፤ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ያኔ ፋብሪካው ዘግቶ ነበር፤ ሆስፒታልም የሚያስኬድ አልነበረንም። ኦዲል ወደ ወጌሻዋ ወደ እመት ዩላሊ ወሰደችው። አሮጊቷ ጸልያ፣ አሽታ፣ በቀርከሃና በጨርቅ ጠፍራ ስድስት ሳምንት አስተኛችው። ተነሥቶ ሮጠ። ራጅ የለም፤ ወረቀት የለም። የምናውቀው እኔና ሬኔ ብቻ ነን፤ ሴቶቹ ሞተዋል።

ላቲመር ከመውጣቱ በፊት ስለዚህ ነገር ጠይቄው ነበር፤ "ያልተጻፈ አጥንት አልተሰበረም" ብሎ ሳቀ። ሰውዬው አይወደድም፤ ነገሩ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ብጽፈው እግሩን ከውሉ ያወጡታል። እግሩ የሌለበት የሯጭ መድን ምን ይባላል? ጃንጥላ ያለ ሸራው።

ስለዚህ እንደ ጓደኛ እጠይቅሃለሁ፤ ቦታውን ባዶ ብተወውስ? ምስጢር መያዝ ታውቅበታለህ። ያኔ የእኔን ይዘህልኝ የለም?

አል


ሃርትፎርድ
ኤፕሪል 15፣ 1997

ወንድሜ አል፣

ይቅርታ፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ይኼኛው አራተኛው ነው፤ እንደወጣልኝ አንብበው።

ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ ያልኩህን ልንገርህ። በሰማንያ ዘጠኝ አንድ የኦሃዮ ልጅ ነበር፤ ቤዝቦል ወርዋሪ። ትከሻው ሄደ፤ የክንዱ ነገር አበቃለት። መድን ነበረው፤ እናቱ ከደመወዟ እየቆረጠች የገዛችለት። ፋይሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ልጁ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ያንኑ ትከሻ አሞት ነበር፤ የመንደር አሠልጣኝ በበረዶ አሽቶ መልሶታል። ቅጹ ላይ ያንን አልጻፈውም። እኛ እንዴት እንዳወቅን ታውቃለህ? ስመ ጥር ከሆነ በኋላ ያ አሠልጣኝ እኔ ነኝ ያዳንኩት ብሎ ለአገሩ ጋዜጣ ተናግሮ። አንዲት መስመር፣ አል። "አይከፈልም" የሚለውን ማኅተም የመታሁት እኔ ነኝ። ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር። እናቱ "ልጄ አላወቀም እንጂ አልዋሸም" ብላ በእጇ ጻፈችልኝ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ሄጄ እራቴን በላሁ። የሚከነክነኝ ይኸው ነው፤ እራቴን በደንብ መብላቴ።

አንተ ደግሞ ምስጢሬን ይዘህልኛል አልከኝ። አዎ፤ ይዤልሃለሁ። ኖቬምበር ስልሳ ሰባት፤ የመጨረሻው ጨዋታ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጉልበትህ እንደ ሐብሐብ አብጦ፣ አንተ እጄን ይዘህ "ሆሊስ፣ ክለቦቹ እኔን ሊያዩ መጥተዋል፤ ለአሠልጣኙ ብትነግረው አልምርህም" አልከኝ። በፋሻ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። አሠልጣኙ ፕሩዶም "ይኼ ልጅ ምን ሆነ?" ሲል "ምንም፤ ልማዱ ነው" ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ሩብ ላይ ጉልበትህ የሄደባትን ኳስ ያቀበልኩህም እኔ ነኝ። ሆስፒታል ልጠይቅህ ስመጣ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። አልፈረድኩብህም። ዲግሪዬን ይዤ እስከምችለው ድረስ ወደ ሰሜን ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩልህ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

ስለዚህ ሁለተኛ አልጠቀልልም። ጻፈው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። እግሩን ከውሉ ቢያወጡት ያውጡት፤ የቀረው አካሉ እውነተኛ መድን ይኖረዋል። ደብቀህ ብትፈርም ግን የከፈልክበት ሁሉ ወረቀት ነው፤ እኔን የመሰለ ሰው አንድ ቀን ያነብበዋል።

ሆሊስ


ሳን ክሌር
ሜይ 11፣ 1997

ሆሊስ፣

በኋላ በካርድ የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ ጻፍኩት። አይ፣ አልተቆጣሁህም። ስለ ስልሳ ሰባት ያልከውን ግን ገና እያኘክሁት ነው፤ ታገሠኝ። ሰው አንድን ነገር ሠላሳ ዓመት በአንድ ጎኑ ሲተኛበት ቆይቶ ተገልበጥ ሲሉት ያመዋል።

አሁን የምነግርህ ሌላ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ሬኔ መጥቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ቅጹን ዘረጋሁና እስክሪብቶ አንሥቼ የእግሩን ታሪክ ከነዩላሊ ጻፍኩት። እርሱ እጄን ይከታተላል። ስጨርስ "አባባ፣ የምርህን ነው?" አለ።

"የምሬን ነው።"

"ዋጋዬን እያወረድከው እኮ ነው።"

"ዋጋህን አይደለም፤ የወረቀቱን ነው።"

የክራውፊሹን ቅርፊት መፈልፈል ጀመረ፤ ፈልፍሎ ግን አይበላም፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድረዋል። እናቱም ነገር ሲከብዳት እንዲህ ነበረች። ከዚያ "ሌላ መስመር አለ?" አለኝ።

"ምን የሚጻፍበት?"

እጁን በጨርቅ ጠርጎ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። ራሱ ጻፈ። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲጋጭ፣ ሁለቱ ክንዶቹ እንደ እሳት ነድደው ከዚያ ደንዝዘው ቀሩ። አንድ ጊዜ ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ አምስት። ኳሷን የያዘው ጣቶቹን ሳይሰማቸው ነበር።

"ለማን ነገርክ?" አልኩት።

"ለማንም።"

"ለምን?"

"አንተ ራስህ ያስተማርከኝን ነው የምትጠይቀኝ?" አለኝ። የስልሳ ሰባቱን እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር። ለካ ኦዲል ነግራዋለች።

ሆሊስ፣ ቅጹን ልከነዋል። ባለፈው ሐሙስ የመድን ድርጅቱ ኒው ኦርሊያንስ የሚገኝ ሐኪም ዘንድ ላከው። እግሩን በራጅ አይተው "ማነው ይህን ያሰረው? እጁ ይባረክ" አሉ። ነፍሷን ይማር እመት ዩላሊ። አንገቱን ግን ደጋግመው አነሡት። ገና አልነገሩንም።

አንተ በሥራህ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞሃል? ገጥሞህ ከሆነ አሁን አትንገረኝ።

አል


ሳን ክሌር
ጁን 8፣ 1997

ሆሊስ፣

ደብዳቤዎችህ ሁለቱም ደርሰውኛል። እስከ ትናንት አልከፈትኳቸውም ነበር፤ ዛሬ ከፈትኳቸው።

አንገቱ ውስጥ ኅብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበት ቦይ ሲፈጠር ጀምሮ ጠባብ ነው አሉ። ሐኪሙ ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ "እስካሁን የተረፍከው በዕድል ነው። አንድ ክፉ ግጭት፣ ከዚያ አትነሣም። መሮጥ አይደለም፤ ማንኪያም አታነሣም" አለው። የመድን ድርጅቱ በሦስት መስመር መለሰልን። አይቀበሉትም።

ሬኔ ቤት ስንደርስ ነው የፈነዳው። "አንተ የራስህን ሰበርክ፤ አሁን የእኔን! ዝም ብትል ኖሮ እጫወት ነበር! ማን ጻፍ አለህ? ያ የሃርትፎርዱ ሽማግሌ ጓደኛህ? እሱ ማነው?" አለኝ። ቦርሳውን ይዞ ላፋዬት ወደ አክስቱ ዘንድ ሄደ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። እሱ ማነው? ጥላ ስንለምንህ ቤቱን ያፈረስክብን አንተ ማነህ? ያኔ ዝም ብለህ ሰበርከኝ፤ አሁን ተናግረህ ልጄን ሰበርክብኝ።

ላቲመር ደውሎ ነበር። አንገቱን ብቻ አውጥቶ ሌላውን የሚሸፍን ድርጅት አለ ይላል፤ ሬኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶም ቢሆን ይጫወታል። በእርሱ አላምንም። አንተ ግን ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ድርጅት በእውነት ካለ ስሙን ላክልኝ። ይህን ብቻ አድርግልኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላስቸግርህም።

አልሲድ


ሃርትፎርድ
ጁን 17፣ 1997

አል፣

አለ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ የሚፈርመውንም ሰው አውቀዋለሁ፤ አብረን ምሳ በልተናል። አልሰጥህም።

ልትጠላኝ ትችላለህ። ሌላ ሠላሳ ዓመት ጨምርበት፤ ለምጄዋለሁ።

ስንት አንገት እንዳነበብኩ አልነግርህም። ይህን ብቻ ልንገርህ፤ ጉልበቱ የሄደበት ልጅ ራሱ ይደውልልን ነበር፤ እየተቆጣ፣ እየተሳደበ። አንገቱ የሄደበት አይደውልም። እናቱ ናት የምትደውለው፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዛለት። በእናንተ ቤት ስልኩን የምትይዘው እናት የለችም። ጨካኝ ነገር መጻፌን አውቃለሁ። ማርጆሪ "ይህችን አውጣት" አለችኝ፤ አላወጣኋትም።

ለሬኔ ያሳዘነህ ሽማግሌ ይቅርታ ይጠይቅሃል በለው። ስለጻፋችሁት ግን አልጸጸትም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ፋይሉ ከአደጋው በፊት ደረሰኝ።

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሰሞኑን አንተ ሬሙላድ ያልከው ያ ውሻ ሜዳ ውስጥ እየገባ ኳሷን ነጥቆ ሲያስሮጠን በሕልሜ እየመጣ ነው። ፊሽካው ተነፍቶ፣ ሃያ ሁለት ሰው ውሻ ሲያሳድድ። አንተ ቀድመኸን ነበር። ነፋስ ነበርክ እኮ አል። አየሁህ እኮ። የነበርከውን ያየ ሰው አንድ እንኳ ይኑርህ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መልስ አልጠብቅም።

ሆሊስ


ሳን ክሌር
ሴፕቴምበር 7፣ 1997

ወንድሜ ሆሊስ፣

በላክኸው ፖስታ ካርድ ላይ የጠየቅኸኝ "ስትወቅሰኝ ነው የኖርከው?" የምትል አንዲት ጥያቄ ናት፤ ክረምቱን ሙሉ ሳልመልስልህ ቀረሁ። እፍረት ነው ያቆየኝ፤ በቁጣ የጻፈ እጅ ለይቅርታ ይሰንፋል።

መልሱ ይኸውልህ። አዎ፣ ሠላሳ ዓመት አንተን ስወቅስ ኖሬያለሁ። እጅህን የያዝኩት፣ የለመንኩህ እኔ መሆኔን ረስቼው አይደለም። ራሴን ብወቅስ ጠዋት መነሣት ስለማልችል ነው። የምወቅሰው ሰው ሩቅ አገር መኖሩ ተመቸኝ። አንተም እሺ ብለህ ተሸከምክልኝ። አሁን አውርደው፤ በቃህ።

ሬኔ በኦገስት መጀመሪያ መጣ። አሥር ሳምንት ያህል አክስቱ ቤት ሲቀመጥ፣ የጁን ደብዳቤህን፣ ያንን የስልኩን ነገር፣ ሳልነግረው በፖስታ ልኬለት ነበር። ቦርሳውን በረንዳው ላይ አስቀምጦ "ስልኩን ማን ይይዝልኛል?" አለኝ። "እኔ" አልኩት። "አንተ ስልክ ላይ ማውራት አትችልም እኮ" አለኝና ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። በማግስቱ ራሱ ነድቶ ሄዶ ለአሠልጣኙ ነገረው። ሌላ ሐኪም ይታይ አሉ፤ ታየ፤ ያው ነው። የትምህርቱን ወጪ ዩኒቨርሲቲው እስከ መጨረሻው ይሸፍንለታል። የአፈር ትምህርት ነው የሚያጠናው፤ ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። በሜይ ይመረቃል።

ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽህም። ልጄ ቆሞ እያለ ቀብር ላይ ያለ ይመስላል። የሚያገኘው ሰው ሁሉ "እግዜር አተረፈህ" ይለዋል፤ እርሱ "አሜን" እያለ ጥርሱን ይነክሳል። ሲሮጥ የነበረው እርሱ ነዋ፤ እኛ ያየነው ብቻ ነን።

ትናንት የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ግቢው ውስጥ ሆኖ የጨዋታውን ከበሮ መስማት ስለከበደው በጠዋት እኔ ዘንድ መጣ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ፀሐዩ ሸንኮራው ላይ ወጥቶ፣ እንዲህ አለኝ፤ "አባባ፣ አንተ ከተጎዳህ በኋላ መጀመሪያ የጨዋታው ቀን ሲመጣ ምን አደረግህ?"

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ አንተም ጭምር። ነገርኩት። ሴፕቴምበር ስልሳ ስምንት፣ እሑድ ቀን፤ ሊወስደኝ የነበረው ክለብ የሚጫወትበት። በየበረንዳው ሬዲዮ ተከፍቷል። ጆሮዬን ይዤ ሸንኮራው ውስጥ ገባሁ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እያነከስኩ ሄድኩ፤ በየመንገዴ ያገኘሁትን አገዳ እየሰበርኩ። እዚያው ተቀመጥኩ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ኦዲል መጣች። ገና አልተጋባንም ነበር። የሰበርኩትን አገዳ ተከትላ ነው ያገኘችኝ። "ወጣ በል" አላለችኝም፤ "አይዞህ"ም አላለችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ከሰበርኩት አንዱን አንሥታ በጥርሷ ላጠች፤ ግማሹን ሰጠችኝ። እስኪመሽ አብረን አኘክን። ያን ቀን ነው አገባታለሁ ያልኩት።

ሬኔ ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ሊተኛ ነው ብዬ ነበር። ሬዲዮውን አምጥቶ በመሐላችን አስቀመጠው። "እኔ ሸንኮራው ውስጥ መግባት አልፈልግም" አለና ከፈተው።

በእርሱ ቦታ የተሰለፈው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ዳሪየስ ይሉታል፤ ሬኔ ነው ያሠለጠነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ኳሷን ጣላት። ሬኔ "ክርኑን አይሰበስብም፤ መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ" እያለ ያጉረመርማል። ሦስተኛው ሩብ ላይ የሬዲዮው ሰውዬ ድምፁ ከፍ አለ፤ ልጁ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፤ ፊቱ ማንም የለም። ያኔ ሬኔ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። "ሩጥ! አንተ ልጅ ሩጥ! ዞረህ እንዳታይ!" እያለ በረንዳውን አናወጠው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጡ። ልጁ መስመሩን ሲያልፍ ሬኔ ሁለት እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ተነሥቼ ያዝኩት። በእናቱ ቀብር ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። ረጅም ነው፤ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ እኔም እንደ ሕፃንነቱ ማጅራቱን በመዳፌ ደግፌ ያዝኩለት። ላቡና ሙቀቱ ይሰማኛል፤ የልቡ ትርታ መዳፌ ድረስ ይመጣል። ሰውዬው በሬዲዮ እየጮኸ ነው። አልቸኮልንም፤ እርሱ እስኪበቃው ድረስ አንገቱን ይዤ ቆምኩ።

ወንድምህ፣
አል